ሩዙ እንጀራ ሆኗል፤ ኦርጋኑስ?

በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ከሙዚቃ ክፍላችን አባላት ሰባት ሆነን ወደ ቁሐር ሚካኤል ወርደን ነበር። ከወረታ ከተማ የሚርቅ ስላልሆነ በእግራችን ተጓዝን። መንገዳችን በሩዝ ማሳ መካከል ነበረ፤ ከፊሉ ታጭዶ ተከምሯል፤ ከፊሉ ገና እንደ ቆመ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ሌሊቱን ከማሕሌቱ ቆመን ካህናቱ ሲዘምሙ ስናይ ነጋልን። በማግሥቱ ማታ ወደ ወረታ ተመልሰን ከአንድ መጠጥ ቤት ገባን። በመድረኩ ላይ አንድ ወጣትና አንድ ኪቦርድ ብቻ ነበሩ። ወጣቱ አንዲት ቁልፍ ሲጫን ከበሮው ጀመረ፤ ሌላ ሲጫን ባሱ ተከተለ፤ ሦስተኛዋን ሲጫን መሰንቆ መሰል ድምፅ ወጣ። ሦስት ሰዓት ያህል ቆየን። በሦስቱ ሰዓት ውስጥ ያ ከበሮ አንድም ጊዜ አልደከመውም፤ አንድም ጊዜ ደግሞ አልሞቀውም።

ይህን የምንጽፈው ያንን ወጣት ለመንቀፍ አይደለም። እንጀራው ነው፤ ጣቶቹም የሠለጠኑ ናቸው። ብዕር ያስነሣን የራሳችን ቤት ጉዳይ ነው። የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ለዘንድሮው የምረቃ በዓል ባንድ ማዘጋጀት ቀርቶ አንድ ኪቦርድና አንድ ተጫዋች እንዲበቃ፣ የሙዚቃ ክፍሉም የወንበር ማከማቻ እንዲሆን ሐሳብ አቅርቧል። ምክንያቱ ቁጠባ ነው። ቁጠባን የሚጠላ ተማሪ የለም፤ ግን የሚቆጠበው ምን እንደሆነና የሚጠፋውስ ምን እንደሆነ አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

በዚህ ጉዳይ በግቢያችን ሁለት ወገን ተነሥቷል። አንደኛው ወገን፣ «ባህላችን ተበረዘ፤ የፈረንጅ መሣሪያ ከነገመዱ ይውጣልን» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ «ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው፤ መሰንቆና ዋሽንት ለሙዚየም ይሰጡ» ይላል። እኛ ሁለቱም ስተዋል እንላለን። ሁለቱም የሚጠይቁት መሣሪያው ከየት መጣ ብለው ነውና። ሊጠየቅ የሚገባው ከመጣ በኋላ ምን ሆነ የሚለው ነው።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። ርብና ጉማራ የሚያጠጡት የፎገራ ሜዳ ዛሬ በሩዝ የታወቀ ነው። ሩዝ ግን ለዚህ አገር እንግዳ ነበረ። በአውሮፓ አቆጣጠር (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ ናቸው) በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት የገባ እህል ነው። ገበሬው እንግዳውን አላባረረውም፤ እንደ መጣም አልተወውም። ውሃ ሲተኛበት የሚያስቸግረውን መሬት ሰጠው። ዱቄቱን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ጋገረው፤ ጠላም ጠመቀበት። ከዝርያዎቹም አንዱን «ኤክስ ጅግና» ብሎ በአካባቢው ስም ጠራው። ዛሬ የፎገራን እናት የሩዙን እንጀራ «የውጭ ምግብ ነው» ብሎ የሚነግራት ቢኖር ትስቅበታለች።

ሁለተኛው ምስክራችን ከዚያው ሌሊት ማሕሌት የወጣ ነው። የፎገራው ናበጋ ጊዮርጊስ ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና በቀልዳቸው ይታወቃሉ፤ የሚያሳዝነው ግን ከቀልዳቸው በቀር የምናውቅላቸው ጥቂት መሆኑ ነው። እኒህ ሊቅ በ19ኛው መቶ ዓመት የአቋቋም ሥርዓትን በአዲስ ስልት ያደሱ ሰው ናቸው። ሲነገር እንደምንሰማው፣ የጣናን ማዕበልና በዳርቻው ያለውን ደንገል ሲወዛወዝ አይተው የመቋሚያውንና የሰውነቱን ዝማሜ ከዚያ ቀዱ። የጎንደር ሊቃውንት ግን አዲሱን ስልት አልተቀበሉትም። አለቃም ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌም በደብረ ታቦር አስፋፋው፤ እስከ ዛሬም «የተክሌ አቋቋም» ይባላል። ትናንት እንግዳ የተባለው ዛሬ «የአባቶቻችን ሥርዓት» ሆኖ ይጠበቃል። ልብ በሉ! ቃሉ አልተለወጠም፤ ከበሮውም ጸናጽሉም አልተለወጡም። የተለወጠው ሰውነት ዜማውን የሚከተልበት መንገድ ነው። ደግሞም ይህ ስልት ብቻውን የቆመ ሰው የሚፈጽመው አይደለም፤ ወዲህና ወዲያ የተሰለፉት ካህናት እርስ በርሳቸው እየተያዩ የሚሠሩት ነው።

እንግዲህ ከማሕሌቱ ወጥተን ወደ ዓለማዊው ሙዚቃ፣ ወደ ኦርጋኑ እንምጣ። ስለ ኦርጋን ሲነሣ በአገራችን የዋልያስ ባንድን ያህል ትምህርት የሚሰጥ ታሪክ አናውቅም። ባንዱ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የምሽት ክበብ ይጫወቱ በነበሩ ሙዚቀኞች ተመሠረተ፤ በኋላም በሒልተን ሆቴል ለብዙ ጊዜ ተጫወተ። ኦርጋኑን ኃይሉ መርጊያ፣ ፒያኖውንና ቅንብሩን ግርማ በየነ፣ ሳክስፎኑን ሞገስ ሀብቴ ይዘው ነበር። በጅምሩ የአሜሪካ ጥቁሮችን ሶልና ፈንክ በትጋት ያጠኑ ነበሩ፤ ይህንንም ማንም አላፈረበትም። ሥራቸውም ዘፋኝ ማጀብ ነበረ። ዘፋኙ ይዘፍናል፤ ባንዱ ከኋላ ይከተላል።

ቀስ በቀስ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1975 «ትዝታ» በተባለው ካሴት ሕዝብ የሚያውቃቸውን ዜማዎች ያለ ዘፋኝ፣ በመሣሪያ ብቻ አሰሙ። ዘፋኙ ሲሠራ የነበረውን ኦርጋኑ ይሠራ ጀመር፤ ቃል ሳይኖረው ያለቅሳል፣ ይለማመጣል፣ ይመልሳል። በ1977 ደግሞ «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ አወጡ። ስሙ ፈረሰኛ ፈረሱን የሚገፋፋበት ቃል ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎኑ ተጨምሮበታል፤ በዓለም ዙሪያ ብዙ ባንዶች ደግመው የተጫወቱት «ሙዚቃዊ ስልት»ም የሚገኘው በዚሁ ሸክላ ላይ ነው። ይህን ሸክላ ያደመጠ ሰው ያስተውላል፤ ባሱ አንዲት አጭር ሐረግ እየደጋገመ መሬቱን ይይዛል፤ ኦርጋኑና ሳክስፎኑ በላዩ ላይ ይነጋገራሉ። ሶሉም ፈንኩም አልጠፋም፤ ግን ዜማው የአገር ቤት ነው።

ይህ ሁሉ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ግጥም ሁሉ በምርመራ በሚያልፍበትና የሰዓት እላፊ በታወጀበት ጊዜ ነው። ማታ ወደ ክበቡ የገባ እስኪነጋ አይወጣም። ስለሆነም ሙዚቀኞቹ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱ ነበር። ያን ጊዜ የሚያስመሰግን አልነበረም፤ አናመሰግነውምም። ነገር ግን አንድ ነገር ያስተምረናል። ያ ድምፅ በአንድ ሌሊት አልተፈጠረም፤ ዓመታት ሙሉ እርስ በርሳቸው እየተደማመጡ በኖሩ ሰዎች መካከል ያደገ ነው።

የሙላቱም መንገድ ከዚህ የራቀ አይደለም። በለንደን፣ በቦስተንና በኒውዮርክ ተምሮ፣ በ1972 «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን በኒውዮርክ ቀረጸ። ያነሣው ችግር ለማንኛውም ተማሪ ግልጽ ነው። የእኛ ቅኝቶች፣ ትዝታም ባቲም አምባሰልም አንቺሆዬም፣ በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው፤ የጃዝ ቅንብር ግን በዐሥራ ሁለቱ ድምፅ ይመላለሳል። ዐሥራ ሁለቱን ያለ ጥንቃቄ ከአምስቱ ላይ የጫነባቸው እንደሆነ ቅኝቱ ይሞታል። ሙላቱ ስምሙን በልክ እየጨመረ ቅኝቱን አተረፈ፤ ኢትዮ ጃዝ የሚባለውም ከዚህ ወጣ። ከሙላቱ ቀድሞም ጌታቸው መኩሪያ ሽለላውን ወደ ሳክስፎን አስገብቶት ነበር። የፎገራ ጎልማሳ በሠርግና በደቦ የሚሸልለውን፣ እርሱ በነሐስ ሸለለው።

ይህ ነገር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በዚያው ዘመን በፖላንድ የጃዝ ሰዎች ከሮክና ከፈንክ ጋር ሲታገሉ፣ ሳክስፎን ተጫዋቹ ዝቢግኒየቭ ናሚስሎቭስኪ በ1975 ባወጣው ሸክላ ኩያቪያክ የተባለውን የገጠር ጭፈራ ወደ ፈንክ ወስዶታል። ዋርሶና አዲስ አበባ ሳይመካከሩ አንድ ጥያቄ ላይ ደረሱ። መልሳቸውም ተቀራረበ፤ የመጣውን ተቀበል፣ ያለህን አትልቀቅ፣ ሁለቱ እስኪዋሐዱም ታገሥ የሚል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጓደኛችን በክርክር ጊዜ ያነሣብንን ተቃውሞ መደበቅ አይገባንም። በ1981 ዋልያስ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ከጉዞው በኋላ ከአባላቱ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ፤ ባንዱም ተበተነ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ በአኮርዲዮን፣ በኤሌክትሪክ ፒያኖና በከበሮ መምቻ መኪና «ሸሞንሟናዬ»ን ቀረጸ። «ታዲያ እርሱስ ብቻውን ከመኪና ጋር አልተጫወተም ወይ? በእርሱ ያላስነቀፈው በወረታው ወጣት ስለ ምን ያስነቅፋል?» አለን ጓደኛችን።

ጥያቄው ብርቱ ነው፤ ለጊዜው ዝም አሰኝቶን ነበር። ካሴቱን ደግመን ስናዳምጠው ግን መልሱን አገኘን። ኃይሉ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ይሁን እንጂ በጆሮው ውስጥ አንድ ሙሉ ባንድ ነበረ። አኮርዲዮኑ የልጅነቱ መሣሪያ ነው፤ መኪናዋ ትመታለች፣ እርሱ ግን አንዴ ቀድሟት አንዴ ዘግይቶባት ይጫወታል። ጌታው እርሱ ነው። ደግሞም ብቻውን የሆነው ስደት ስለ ለየው እንጂ ባልንጀራ ጠልቶ አይደለም። ከዚያ በኋላ በዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ጭኖ፣ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። በ2013 ያ አሮጌ ካሴት እንደገና ታትሞ ዓለም ሲሰማውና ዕድሉ ሲመለስለት ምን አደረገ? ከበሮና ባስ የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች ጨመረ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን ሲያወጣ ከእነርሱ ጋር ሆኖ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከመኪና ጋር መጫወት ይችል የነበረ ሰው፣ በሩ ሲከፈትለት ወደ ሰው ተመለሰ። ለእኛ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የለም።

የወረታውን ወጣት ከኃይሉ የሚለየው ተሰጥዖ ላይሆን ይችላል። የሚለየው፣ ያ ወጣት ከሰው ጋር ተጫውቶ የማደግ ዕድል ማጣቱ ነው። ማን ያስተምረው? ቤቱ የሚከፍለው ለአንድ ሰው ነው። በአቅራቢያው ያለ ባንድ የለም። መሰንቆ የሚመታው አዝማሪም ከእርሱ ጋር ተቀምጦ የሚነጋገርበት ስፍራ የለውም። እንግዲህ ባንድ የሚወለድበት ስፍራ ተማሪ ቤት ካልሆነ የት ሊሆን ነው? እኛ ጋ ከደጋውም ከቆላውም የመጣ ልጅ አለ። ዋሽንት የሚነፋ እረኛ የነበረ ጓደኛ አለን፤ ጊታር የሚጫወት የከተማ ልጅ አለን፤ ከአብነት ትምህርት ቤት የመጣና ከበሮን ከማናችንም ይልቅ የሚያውቅ አለን። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ለአራት ዓመት ተቀምጠው ካልተደማመጡ፣ ከተመረቁ በኋላ ወዴት ሊገናኙ ነው? ኮሚቴው የሚቆጥበው የአንድ ምሽት ወጪ ነው፤ የሚያጠፋው ግን ይህን መገናኛ ነው።

ስለዚህ ከነቀፋ ብቻ እንዳንወጣ የምንለምነውን እንገልጻለን። አንደኛ፣ የሙዚቃ ክፍሉ የወንበር ማከማቻ እንዳይሆን፤ በሳምንት ሁለት ምሽት ክፍት ይሁንልን። ሁለተኛ፣ ለአዲስ ኪቦርድ የታሰበው ገንዘብ የተበላሸው ባስ ጊታርና ቆዳው የተቀደደው ድራም ይታደስበት። ሦስተኛ፣ ከአካባቢው አንድ አዝማሪ ተጋብዞ እንደ መምህር ተከብሮ ያስተምረን፤ የድካሙም ዋጋ ይከፈለው። አራተኛ፣ በምረቃው በዓል ቢያንስ አንድ ሰዓት ተማሪዎች በሕብረት እንዲጫወቱ ይፈቀድ። እንሳሳት ይሆናል። መምህራኖቻችንም ጆሯቸውን ይይዙ ይሆናል። ዋልያስም ገና ሲጀምር የሰው ሙዚቃ ነበር የሚያጠናው።

ኪቦርዱንም ቢሆን አንጠላም፤ እርሱም ይምጣ፣ ከመሰንቆው አጠገብ ቦታ እንሰጠዋለን። የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያቺ ከበሮውን የምታስነሣው ቁልፍ ትዘጋ። ከበሮውን የሚመታ፣ ሲመታም የሚደክመውና የሚሞቀው ሰው በመካከላችን አለና።