ፈተናውን አልፈራንም፤ የታረመውን ወረቀት አሳዩን

በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሠራተኞቹንና አመራሮቹን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኩል ፈተናቸው። ከተፈተኑት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አላለፉም ተባለ። ያኔ አገር ምድሩ በመንግሥት ሠራተኛ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ፈተናውንም አልቃወምም። ያለ ፈተና እድገት እንዴት እንደሚሰጥ እናውቃለና! መደቡ ክፍት ሆኖ ሳለ ማስታወቂያ አይወጣም፤ አንዱ «በተጠባባቂነት» ይቀመጥበታል። ተጠባባቂነቱ ዓመት ይደፍናል። በመጨረሻ ማስታወቂያው ሲወጣ «አግባብ ያለው ልምድ» ያለው እሱ ብቻ ሆኖ ይገኛል። አምቦም ሆነ ጊንጪ፣ ይህን ጨዋታ የማያውቅ የወረዳ ሠራተኛ ካለ እጁን ያውጣ።

ስለዚህ የደረጃ እድገት ፈተና ለሠራተኛው መብቱ ነው። መብት ከሆነ ግን ሙሉ ይሁን። ሐሮ ወንጪ አካባቢ የሚሠራ ባለሙያ የዞን ከተማውን ማስታወቂያ ሰሌዳ በየቀኑ ሊያይ አይችልም፤ ወሬው ሲደርሰው ምዝገባው ተዘግቷል። የተፈተነውም ቢሆን «አላለፍክም» መባል ብቻ አይበቃውም። የጽሑፉ ስንት? የቃለ መጠይቁ ስንት? የሥራ አፈጻጸሙስ? ያለፈው ሰው በምን በለጠኝ? ቃለ መጠይቁን በተለይ ልብ በሉ፤ በጽሑፍ የወደቀ ዘመድ የሚነሣው እዚያ ነው።

ቅሬታ አጣሪ ኮሚቴ አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ። ነጥቡን ያላየ ሰው ምን ብሎ ያመልክት?

«የታረመ ወረቀት አይታይም፣ ምስጢር ነው» የሚል አለቃም አይጠፋም። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እኮ በ2011 እ.ኤ.አ. ተፈታኝ የታረመ የመልስ ወረቀቱን የማየት መብት አለው ብሎ ወስኗል። ስንት ሚሊዮን ሰው የሚፈተንበት አገር ያልከበደው ለአንድ ዞን ይከብዳል?

የፌዴራሉ አዋጅ 1064/2010 በ1353/2017 ተተክቷል፤ ኦሮሚያም የራሱ አዋጅ አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 ክልሎች ለሥራ መደብ የሚጠይቁት ትምህርት፣ ሥልጠናና ልምድ ከአገር አቀፉ መመዘኛ ጋር የተቀራረበ እንዲሆን ያዛል። መመዘኛው ከተቀራረበ ግልጽነቱ ለምን ይራራቃል?

ደግሞ ኃላፊው በሹመት ደብዳቤ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ፣ ከሥሩ ያለው ባለሙያ ለአንዲት ደረጃ ይፈተናል። አዲስ አበባ ቢያንስ ዳይሬክተሮቹንና ቡድን መሪዎቹንም አስቀምጣ ፈትናለች።

ለጊዜው የምንጠይቀው ቀላል ነው፦ የሚቀጥለው ውጤት ሲለጠፍ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ነጥቡ ተዘርዝሮ ይጻፍ።