ዓሣው ለምን ዘለለ?



ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ትንሽ የቤት ዓሣ ነው። «የቤተሰብን ዓምድና ዓሣን ምን አገናኛቸው?» እንዳትሉኝ። በእኛ ቤት አንድ ማለዳ በባልና በሚስት መካከል ክርክር ያስነሣው፣ የሰባት ዓመት ልጃችንንም ያስለቀሰው ይኸው ዓሣ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለልጃችን ቤታ የሚባለውን፣ ክንፉ እንደ ቀሚስ ጥለት የሚያምር ሰማያዊ ዓሣ ከነመስታወት ገንዳው ገዛንለት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ረጋ ብሎ ይዋኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን መዝለል አመጣ። ውሃው ቧ ሲል ልጃችን ያጨበጭባል፤ እኛም ጨዋታ መስሎን አብረን እንስቃለን። አንድ ቅዳሜ ማለዳ ዓሣው ከገንዳው ውጭ፣ ከሶፋው ሥር ደርቆ ተገኘ።

«ክዳኑን ከፍቶ የተወው ማን ነው?» አልኩ። «ማታ ውሃውን በሙሉ የለወጠውስ ማን ነው?» አለች ባለቤቴ። ልጃችን በመካከላችን ቆሞ፣ «አባዬ፣ ዓሣው ቤታችንን ጠልቶ ነው የሄደው?» ሲል ጠየቀ። ሁለታችንም መልስ አልነበረንም። ከዚያ ወዲህ ጠይቄም አንብቤም የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

መዝለል ተፈጥሮው ነው

የቤታ አገሩ ታይላንድ ነው። በዚያ ዝቅተኛና ሞቃት ምድር በሩዝ ማሳ፣ በረግረግና በቦይ ውስጥ ይኖራል። እንግሊዛዊው የዓሣ ተመራማሪ ቻርልስ ቴት ሬጋን እ.ኤ.አ. በ1910 «ቤታ ስፕሌንደንስ» የሚል ሳይንሳዊ ስም ሰጠው። የታይላንድ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2019 የአገሪቱ ብሔራዊ የውሃ እንስሳ ብሎ ሰይሞታል።

የሚኖርበት ውሃ ብዙውን ጊዜ ጥልቀት የሌለውና አየር ያነሰው ስለሆነ፣ ቤታ ከሌሎች ዓሦች የሚለይበት ነገር አለው። በውሃ ውስጥ ከመተንፈሱ ሌላ፣ በራሱ ውስጥ ባለ ላቢሪንት በሚባል የአካል ክፍል ከውሃው በላይ ያለውን አየር ይስባል። በመሆኑም ወደ ላይ ወጥቶ አየር ጎርሶ ቢመለስ ጤንነቱ ነው፤ አትደንግጡ። ምግቡ በውሃው ገጽ ላይ የሚያርፉ ነፍሳትና ትሎች ናቸውና እነርሱን ለመያዝ ይዘላል። ያለበት ውሃ ሲጎድል ወይም ሌላ ወንድ ሲያሳድደውም ዝላዩ ማምለጫው ነው። እንግዲህ አንዳንዴ መዝለሉ ጥፋት አይደለም።

የሚያሳስበው መቼ ነው?

ቀድሞ የማይዘል ዓሣ ደጋግሞ መዝለል ሲጀምር፣ ወዲያና ወዲህ ሲወረወር፣ ከመስታወቱ ጋር ሲጋጭ ወይም ክንፉን ሰብስቦ ሲቀመጥ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ከሁሉ አስቀድማችሁ ውሃውን ጠርጥሩ።

ዓሣው ሲተነፍስ፣ ኩሱና የተረፈው ምግብም ሲበሰብስ፣ አሞኒያ የሚባል መርዝ በውሃው ውስጥ ይጠራቀማል። በቆየ ገንዳ ውስጥ ይህን መርዝ ደረጃ በደረጃ ጉዳቱ ወደ ቀነሰ ነገር የሚለውጡ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉ። በአዲስ ገንዳ ግን እነዚህ እስኪራቡ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። የእኛ ዓሣ መዝለል የጀመረው በሦስተኛው ሳምንት መሆኑን አስተውላችኋል? አሞኒያ ቀለም ስለሌለው ውሃው ጥርት ብሎ እየታየ ዓሣው ሊቃጠል ይችላል። ገንዳው ባነሰ ቁጥር ደግሞ መርዙ ቶሎ ይበረታል። «ቤታ በብርጭቆ ይኖራል» የሚባለው ስሕተት ነው፤ ወደ 20 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ይሻለዋል።

ሌላው ድንገተኛ ለውጥ ነው። ቤታ የሚስማማው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውሃ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ከተማ፣ በተለይ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት፣ ያለ ማሞቂያ ይህን ማግኘት ያስቸግራል። እኔ በዚያች ማታ ያደረግሁት ደግሞ ከቧንቧ የቀዳሁትን ቀዝቃዛና ክሎሪን ያለበት ውሃ በአንድ ጊዜ መገልበጥ ነበር።

ሦስተኛው ድንጋጤ ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ወይም ሲበራ፣ ልጆች መስታወቱን ሲያንኳኩ፣ ወይም የራሱን መልክ በመስታወቱ ውስጥ አይቶ ጠላት ሲመስለው ይዘላል። በጣት ምግብ ይዞ ከውሃው በላይ ማዘለልም ወደ ውጭ የመዝለል ልማድ ያስተምረዋል።

ምን እናድርግ?

ገንዳውን ክደኑ። ዓሣው አየር የሚስበው ከላይ ነውና ክዳኑ አየር የሚያሳልፍ ይሁን፤ ጥቅጥቅ ያለ መረብም ይበቃል። ለሽቦና ለቧንቧ የተተወውን ቀዳዳ አትርሱ፤ በትንሽ ክፍተት ያመልጣል። ውሃውንም እስከ አፉ አትሙሉት፤ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይጉደል።

ውሃውን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትለውጡ፤ በሳምንት ሩቡ ይበቃል። አዲሱ ውሃ ከገንዳው ጋር እኩል ሙቀት ይኑረው። ክሎሪን ብቻ ያለበት ውሃ አፉ ክፍት በሆነ ዕቃ አንድ ቀን ሲያድር ክሎሪኑ ይወጣለታል። በአሜሪካ ያላችሁ አንባቢያን ግን፣ በብዙ ከተሞች የሚጨመረው ክሎራሚን በማሳደር ስለማይወጣ ለዚሁ የተሠራውን ጠብታ ተጠቀሙ። ማጣሪያውን በቧንቧ ውሃ አትጠቡት፤ ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ። ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ አለቅልቁት።

ውሃ ስትለውጡ ማሞቂያውን ከሶኬት ንቀሉ። መብራት ሲጠፋ ገንዳውን ዙሪያውን በጋቢ ሸፍኑት፤ ሙቀቱ ቶሎ አይሸሽም።

ዓሣውን ወለል ላይ ብታገኙት ደግሞ ሞቷል ብላችሁ አትቸኩሉ። ቤታ አየር ስለሚስብ፣ ገላው እስካልደረቀ ድረስ ከሌላው ዓሣ ይልቅ ይቆያል። እጃችሁን አርጥባችሁ በቀስታ አንሡትና ወደ ገንዳው መልሱት፤ መብራቱን አጥፍታችሁም ዝም ብላችሁ ተዉት።

ለልጃችን የመለስነው

እውነቱን ለመናገር፣ ክዳኑን ምግብ ስትሰጥ ከፍታ የረሳችው ባለቤቴ ነበረች፤ ውሃውን የለወጥኩት እኔ ነኝ። ነገር ግን ዓሣው ለአንድ ሳምንት በመዝለል ሲነግረን የሰነበተውን እንደ ጨዋታ ቆጥረን የሳቅነው ሁለታችንም ነን። ማን እንዳጠፋ ከመጠየቅ በፊት ምን እንደጎደለ ብንጠይቅ ኖሮ ዓሣው በተረፈ።

ማታ ልጃችንን በመካከላችን አስቀምጠን፣ «ቤታችንን ጠልቶ አይደለም፤ ውሃው አቃጥሎት ነው። ማወቅ የነበረብን እኔና እናትህ ነን፤ ይቅርታ አድርግልን» አልነው። ጥቂት አሰበና፣ «ሌላ ስንገዛ ውሃውን አስቀድመን እናዘጋጅለት» አለን።

አሁን ገንዳው ክዳንና ማሞቂያ አለው፤ ቴርሞሜትሩን በየማለዳው የሚያነበው ልጃችን ነው። አዲሱ ዓሣ አንዳንዴ ይዘላል። ሲዘል ግን ከማጨብጨባችን በፊት ውሃውን እናያለን።