ስለሚታጠፍ ብስክሌትና ስለ ዋሂል መንገድ

ከድሬዳዋ ከተማ ተነሥቶ በዋሂል አካባቢ ወዳሉት መንደሮች ለሥራ የሚወጣ አስተማሪ ወይም የጤና ሠራተኛ መንገዱ ከሁለት ይከፈልበታል። አንደኛው ክፍል መኪና የሚሔድበት ነው፤ ሒሳቡን ከፍሎ፥ ተሳፍሮ ያልፈዋል። ሁለተኛው ክፍል መኪናው ካቆመበት ስፍራ አንሥቶ እስከ ትምህርት ቤቱ ወይም እስከ በሽተኛው ደጅ ድረስ ያለው ነው፤ ይህንን በእግሩ ይሔደዋል። በቆላው ፀሐይ ሲሔድ ውሎ ከሥራው የሚደርሰው ደክሞ ነው፤ ወደ ማታም መኪና እንዳያመልጠው ሲል ሥራውን ሳይጨርስ ይነሣል። እንግዲህ በመንገድ ላይ የጠፋው ሰዓት የማን እንደ ሆነ ቢመረመር፥ የሠራተኛው ብቻ ሆኖ አይገኝም፤ ደብተሩን ይዞ የሚጠብቀው ሕፃንና የታመመው ሽማግሌም ተካፋዮች ናቸው።

ይህ ችግር የገጠሩ ብቻ አይደለም። ድሬዳዋ ራስዋ የተቆረቆረችው ምድር ባቡሩ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለ ከበደው፥ በ1895 ዓ.ም. ከሜዳው ላይ በመቆሙ ነው። ስለዚህም መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላ ነበር። የቀድሞው ጣቢያ በከተማው መካከል ስለ ነበረ መንገደኛው ከባቡር ወርዶ ጓዙን አንጠልጥሎ ወደ ከዚራም ሆነ ወደ መጋላ በእግሩ ይገባ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሔደው ባቡር ግን ጣቢያው ከከተማው ውጭ ነው። ባቡሩ ፈጠነ፤ ከባቡሩ እስከ ቤት ያለው መንገድ ግን ረዘመ። ታላቁን መንገድ መሥራት የመንግሥት ሀብትና የመሐንዲስ ዕውቀት ይበቃዋል፤ ያችን የመጨረሻዋን ቍራጭ መንገድ ግን እስካሁን በቂ አሳብ ያሰበላት የለም።

ተጣጥፎ በእጅ የሚያዝ ብስክሌት የተፈለሰፈው ለዚህችው ቍራጭ መንገድ ነው። ነገሩ ጥንት የተጀመረ ሲሆን፥ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1890ዎቹ ዓመታት ዤራር የሚባል የፈረንሳይ መቶ አለቃ ወታደር በጀርባው የሚሸከመው ብስክሌት ለጦር ሠራዊቱ አቅርቦ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የእንግሊዝ ወታደሮች የሚታጠፍ ብስክሌት ይዘው ከአውሮፕላን በጃንጥላ ወርደዋል። ከጦር ሜዳ ወደ ከተማ ሠራተኛ በሚገባ የተላለፈው ግን ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። በዚያን ጊዜ አንድሩ ሪቺ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ በሎንዶን ከመኖሪያ ክፍሉ ሆኖ ባለ 16 ኢንች ጎማ ብስክሌት ሠራ። ስሙንም ብሮምፕተን አለው፤ ይኸውም በመስኮቱ ትይዩ በሚታየው የብሮምፕተን ቤተ ክርስቲያን ስም ነው። ካህናት ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸው ይሆናል።

የዚህ ሰው ጥበብ ማጠፉ ብቻ አይደለም፤ እንዴት እንዳጠፈው ነው። የኋላው ጎማ ወደ ሆዱ ሥር ይገባል፤ የፊተኛው ዞሮ ከጎኑ ይተኛል፤ በቅባት የተበከለው ካቴና በሁለቱ ጎማዎች መካከል ተሸሽጎ ይቀራል። ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው ሳይፈራ ሊይዘው ይችላል። ሲታጠፍ ወርዱና ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር፥ ውፍረቱም 30 ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ ክብደቱ 12 ኪሎ ያህል ነው። ከወንበር ሥር ይገባል፤ በቢሮ ጥግም ይቆማል። ከደጅ ስለማያድር ሌባ አያገኘውም።

ነገር ግን ለሎንዶን አስፋልት የተሠራው ሁሉ ለዋሂል ይስማማል ማለት ስሕተት ነው። ትንሽ ጎማ በጠጠር ላይ ይንገጫገጫል፤ በደረቅ ወንዝ አሸዋ ውስጥም ይሰምጣል። ከዚህም ሌላ የብሮምፕተን ጎማ ልኩ የተለየ ስለ ሆነ፥ ባለ 16 ኢንች ተብሎ ለሕፃን ብስክሌት የሚሸጠው ጎማ አይገባለትም። ከመነዳሪው አንድ ቀን በእሾኽ ቢበሳና መለወጫ ቢታጣ፥ ያ ሁሉ ጥበብ ከቤት ጥግ የቆመ ብረት ይሆናል። ዴቪድ ሆን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ በ1982 በአሜሪካ ያቋቋመው የዳሆን ኩባንያና ሌሎችም እንዲሁ የሚሠሩት፥ በወገቡ ላይ የሚታጠፍ ባለ 20 ኢንች ጎማ ብስክሌት ለዚህ አገር ይሻላል። ሲታጠፍ ስፍራ መያዙ እርግጥ ነው፤ ሆኖም ጎማው ወፍራም ሊሆንለት ይችላል፤ ልኩም ብዙውን ጊዜ ከልጆች ብስክሌት ጎማ ጋር አንድ ስለ ሆነ መለወጫው አያስቸግርም። ሊጠረጠር የሚገባው ወገቡ ላይ ያለው ማጠፊያ ነው፤ በርካሽ የተሠራ እንደ ሆነ ይላላል፥ ተሳፋሪውንም ይጥላል።

ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚወጣ ምእመን ይህን ብስክሌት ተስፋ ባያደርግ ይሻለዋል፤ ያ ዳገት የእግርና የመኪና ነው።

አንዳንድ ሰዎች ሹም በብስክሌት ቢሔድ ክብሩ ይቀንሳል ይላሉ። አባቶቻቸው በበቅሎ ሲሔዱ ግን ክብራቸው አልቀነሰም ነበር። በቅሎ ገለባና ጋጣ ትፈልጋለች፤ ይህኛው አየርና ጥቂት ዘይት ይበቃዋል። መንግሥትም ቢሆን የእግረኛንና የብስክሌትን መንገድ የሚመለከት የዐሥር ዓመት ስልት በ2012 ዓ.ም. አውጥቷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። አሳቡ ከላይ ካለ፥ የጎደለው ከታች ያለው ትንሽ ደንብ ነው።

ትንሽ ማለትም እንዲህ ነው። የታጠፈ ብስክሌት በአውቶቡስም በባቡርም እንደ እጅ ጓዝ ተቆጥሮ ተጨማሪ ሒሳብ እንዳይጠየቅበት ቢታዘዝ፥ ረዳትና ተሳፋሪ በየጣቢያው ከመጨቃጨቅ ይድናሉ። በቀረጥም ረገድ ከመጫወቻ ዕቃ ተለይቶ እንደ ሥራ መሣሪያ ቢታይ መልካም ነው። የድሬዳዋ አስተዳደርም ብዙ ገንዘብ ከማውጣቱ አስቀድሞ ጥቂት ባለ 20 ኢንች ብስክሌቶች ገዝቶ በዋሂል ለሚሠሩ አስተማሪዎችና የጤና ሠራተኞች ቢሰጥ ይገባዋል። ብስክሌቶቹ አንድ በጋና አንድ ክረምት ከተነዱ በኋላ የድሬዳዋ ብስክሌት ጠጋኞች ማጠፊያቸውን ፈትተው ይዩት፤ የሚገዛው ዓይነትም በእነርሱ ምስክርነት ይቈረጥ።