«ነፃ ሸትል አለው» ላላችሁኝ ሁሉ

ጎበዝ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ሰመር መጣ። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው፤ በየቴሌግራም ግሩፑም «ለኦርላንዶ የትኛው ሆቴል ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ተጀመረ። መልሱም እንደ ዳዊት የተደገመ ነው፦ «እዚህ እረፉ፣ ርካሽ ነው፣ ወደ ዲዝኒ የሚወስድ ነፃ ሸትል አለው።»

እኔም አምና ይቺን መልስ አምኜ ነው የሄድኩት። የሆቴሉን ስም አልጠራም። የእሱ ብቻ ችግር ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። ጠቤ ከሆቴሉ ጋር ሳይሆን «ነፃ» ከምትለው ቃል ጋር ነው።

እናቴ ቪዛ ሁለት ጊዜ ተከልክላ በሦስተኛው ተሳክቶላት ከደሴ መጣች። 72 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፣ በከዘራ ነው የምትሄደው። የልጅ ልጆቿን በስልክ ካልሆነ አይታቸው አታውቅም። እኔና ባለቤቴ ስንቆጥብ ከርመን አንድ ሳምንት አብረን እንሁን ብለን ተነሳን። መኪና አልተከራየንም። ለምን? ሸትል አለዋ!

(ሰዓቱን በዚህ አገር አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ጠዋት 8 ሰዓት ለባብሰን ወረድን። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ «ትናንት ማታ ተመዝግባችኋል?» አለች። አልተመዘገብንም፤ የነገረን ሰው የለም። የ8 ሰዓቱ ሞልቷል፣ ቀጣዩ 10 ሰዓት ነው። ተቀመጥን። በ10 ሰዓት የመጣው ትንሽ አውቶቡስ ከእኛ ሆቴል ሰው ጭኖ ሌሎች ሦስት ሆቴሎች ደጃፍ ላይ ቆመ። 11 ሰዓት ሲሆን ወረድን። እናቴ «ደረስን?» ስትል «አዎ እማዬ» አልኳት። ዋሸኋት፤ እኔም ሳላውቅ።

ለካ የወረድነው በማጂክ ኪንግደም በር ላይ አይደለም። ማጂክ ኪንግደም ከሐይቅ ማዶ ነው ያለው። ከውጭ የሚመጣ መኪናም፣ ኡበርም፣ የእኛ ዓይነት የሆቴል ሸትልም የሚያራግፈው ከሐይቁ ወዲህ፣ መኪና ማቆሚያው አጠገብ ካለው ጣቢያ ነው። ከዚያ ፍተሻ፣ ከፍተሻው በኋላ ወይ ጀልባ ወይ ሞኖሬል፣ ከዚያ ደግሞ የበሩ ሰልፍ። ውስጥ ስንገባ 11:50 ሆኗል። ፀሐዩ ጭንቅላት ይበሳል። እናቴ ገና ምንም ሳታይ ደክሟታል።

ማታውን ደግሞ ስሙ። የመመለሻው ሸትል ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፦ 5:30 እና 9:30። ርችቱ የዚያን ቀን 9 ሰዓት ላይ ነበር። ርችቱን አይቶ፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ጋር ተጋፍቶ ሐይቁን ተሻግሮ 9:30 መድረስ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ 8:30 ላይ ወጣን። የ4 ዓመት ልጄ ቀኑን ሙሉ «ርችቱ መቼ ነው?» እያለች ስትጠብቅ ውላ፣ ርችቱን ከጀርባው፣ ከማዶ ሆና፣ እያለቀሰች አየችው።

እሺ፣ ይሁን። 9:30 ላይ አውቶቡሱ መጣ። ሞላ። እኛ ቀረን። ኡበር ጠራን። ሹፌሩ ልጅቷን አይቶ «የልጅ መቀመጫ የላችሁም፣ አልጭንም» አለ። እውነቱን ነው፤ የፍሎሪዳ ሕግ 5 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆነ ልጅ የልጅ መቀመጫ ያዛል። በሸትል እንሄዳለን ብለን ስለተነሳን ይዘን አልወጣንም። በመጨረሻ ያዳነን ያው የሸትሉ ሹፌር ነው። ሌሎቹን አድርሶ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ፣ «እዚያ አንዲት አሮጊት ትቼ መጥቻለሁ» ብሎ በ11:15 ተመልሶ መጣ። እናቴ በአማርኛ መረቀችው፤ አንድ ቃል ባይገባውም «አሜን» አለ።

አውቶቡሱ ውስጥ ሆና ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፦ «ልጄ፣ ነፃ ያልከኝ ይሄ ነው?»

ይሄ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ መልስ ነው። አይ እማዬ፣ ነፃ አልነበረም።

አንደኛ፣ ከፍለንበታል። ስንወጣ ደረሰኙን አየሁት፦ ሪዞርት ፊ በአዳር 28 ዶላር፣ ለ5 አዳር 140 ዶላር፣ ታክሱ ሳይቆጠር። የዚህ ክፍያ ዝርዝር ውስጥ ከኢንተርኔትና ከመዋኛው ጋር ምን ተጽፏል? «የፓርክ ሸትል»! በግራ እጅ ነፃ ብሎ በቀኝ እጅ ተቀበለኝ ማለት ነው። እርግጥ ከሜይ 12፣ 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ ሆቴሎች ግዴታ የሆነውን ክፍያ ሁሉ ደምረው ጠቅላላውን ዋጋ ከመጀመሪያው እንዲያሳዩ ያስገድዳል። እኔም ስይዝ ጠቅላላውን አይቻለሁ፣ ዝርዝሩን ግን አላነበብኩም። ጥፋቴ ነው። ደንቡ ግን ክፍያውን አልከለከለም፤ እንዳይደበቅ ነው ያደረገው። «ነፃ» የምትለዋ ቃልም እስከ ዛሬ በማስታወቂያው ላይ ተንጠልጥላ አለች።

ሁለተኛ፣ በሰዓት ከፍለንበታል። የዲዝኒ የአንድ ቀን ትኬት በ2025 ከ119 ዶላር ይጀምርና ሕዝብ በሚበዛበት ቀን ወደ 200 ይጠጋ ነበር። እኛ ለ5 ሰው በዚያ ቀን 815 ዶላር ከፍለናል። ፓርኩ ከጠዋቱ 9 እስከ ማታ 10፣ 13 ሰዓት ክፍት ነበር። በሰዓት 62 ዶላር ከምናምን ማለት ነው። እኛ የተጠቀምንበት ከ11:50 እስከ 8:30 ነው። አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ በሸትሉ ምክንያት ጠፋ፤ ሒሳቡ ከ270 ዶላር በላይ ይመጣል። መኪና ይዘን ብንሄድ የማቆሚያው ዋጋ ለቀኑ 30 ዶላር ነበር፤ አንዴ ከተከፈለ ደግሞ በዚያው ቀን ለአራቱም የዲዝኒ ፓርኮች ይሠራል። 30 ዶላር ለማዳን 270 ዶላር ማፍሰስ ቁጠባ ነው እንዴ?

ሦስተኛው ግን ከሁሉ ይብሳል። ሸትሉ የሚጎዳው አማራጭ የሌለውን ነው። መኪና ያለው ሰው 10 ሰዓት ድረስ አይጠብቅም፤ ተነስቶ ይሄዳል። የሚጠብቀው መንጃ ፈቃድ ያላወጣ አዲስ መጤ፣ ለመኪና ኪራይ ክሬዲት ካርድ የሌለው፣ ሽማግሌ ወላጅ የያዘ፣ ሦስት ልጅ የምታሳድግ ብቸኛ እናት ነው። «ነፃ ሸትል» የሚለው ማስታወቂያ የተጻፈው ለእነዚህ ሰዎች ነው። መቀመጫው ሲሞላ የሚቀሩትም እነሱ ናቸው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።

አንዳንዱ «ታዲያ በአንድ አውቶቡስ ምን ያድርጉ?» ይላል። እኔ እዚህ ቨርጂኒያ የኤርፖርት ሆቴል ሸትል ለ6 ዓመት ነድቻለሁ፤ ሥራውን ከውስጥ አውቀዋለሁ። ብዙ ሆቴል የራሱ አውቶቡስ የለውም። ከትራንስፖርት ድርጅት ጋር ይዋዋላል፣ ወጪውን ከጎረቤት ሆቴሎች ጋር ይካፈላል። ስለዚህ አንድ አውቶቡስ የአራት ሆቴል «ነፃ ሸትል» ይሆናል። አራቱም ያስተዋውቁታል፣ አራቱም ዋጋ ውስጥ ያስገቡታል። መቀመጫው ግን ያው ነው። ሲሞላ ስድቡን የሚቀበለው ሹፌሩ ነው። ስንቱን ስድብ ጠጥቻለሁ! እባካችሁ ሹፌሩ ላይ አትጩሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው የሚሆነው።

«አይቻልም» ለሚሉኝ ደግሞ እዚያው አጠገቡ ሲቻል አይቼ መጥቻለሁ። በዲዝኒ በራሱ ሆቴሎች ውስጥ ላረፈ እንግዳ አውቶቡሱ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል፤ ስም ማስመዝገብ የለም። ማጂክ ኪንግደም ላይ ሐይቁን ሳያሻግር በሩ አጠገብ ያወርዳል። ፓርኩ ከተዘጋ በኋላም ሰው ይመልሳል። ከሆቴሎቹ ለአንዳንዶቹ ሞኖሬል፣ ለአንዳንዶቹ ጀልባ፣ ከ2019 ጀምሮ ደግሞ በሽቦ ላይ የሚሄድ መጓጓዣ አላቸው። ዲዝኒን ለማመስገን አይደለም፤ እሱም ዋጋውን ከክፍሉ ኪራይ ውስጥ ያወጣዋል። ከኤርፖርት በነፃ ይወስድ የነበረውን አውቶቡስም በ2005 ጀምሮት፣ ሲበቃው በ2022 መጀመሪያ አቁሞታል። ነፃ የሚባል አገልግሎት ውለታ አይደለም፤ ንግድ ነው። ንግድ ከሆነ ደግሞ ደንበኛው የሸጡለትን ነገር የመጠየቅ መብት አለው።

«የዲዝኒ ሆቴል ውድ ነው፣ ሁሉ ሰው አይችለውም» የሚለው ክርክር ልክ ነው። እኔም አልቻልኩም። ግን ከርካሹ ሆቴል ጋር ስታነጻጽሩ የክፍሉን ኪራይ ብቻ አታነጻጽሩ። ሪዞርት ፊውን፣ ከሸትል የቀራችሁ ቀን የምትከፍሉትን ኡበር፣ የጠፋውን ሰዓት ደምሩ። ደምራችሁ ርካሹ አሁንም ከረከሰ፣ በሉ እዚያው እረፉ፤ ግን አውቃችሁ እረፉ።

«እኔ ሄጄ ምንም ችግር አልገጠመኝም» የምትሉም አላችሁ። አምናችኋለሁ። በፌብሩዋሪ፣ ሁለት ጎልማሶች ሆናችሁ፣ ርችቱን ሳትጠብቁ ከሄዳችሁ ሸትሉ በቂ ነው። ችግሩ የእናንተን ምስክርነት ይዞ በጁላይ ከእናቱና ከሁለት ሕፃናት ጋር የሚሄደው ሰው ነው። ስለዚህ ስትመክሩ መቼና ከማን ጋር እንደሄዳችሁ አብራችሁ ተናገሩ።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት ደውላችሁ እነዚህን ጠይቁ፣ መልሱንም በኢሜይል አስልኩ፦

1. ሸትሉ በስንት ሰዓት ይነሳል? በስንት ይመለሳል? ከርችቱ በኋላ የሚመለስ አለ ወይ?

2. ከስንት ሆቴሎች ጋር ነው የምትጋሩት? ስንት መቀመጫ አለው? መመዝገብ ያስፈልጋል?

3. የሚያወርደን የት ነው? ወደ የትኛው ፓርክ? «ዲዝኒ» ማለት አራት ፓርክ ነው። «ዩኒቨርሳል» ቢሏችሁም፣ በሜይ 2025 የተከፈተው ኤፒክ ዩኒቨርስ ከሌሎቹ ርቆ ብቻውን ያለ ስለሆነ እሱን ለይታችሁ ጠይቁ።

4. ቦታ ሞልቶ ብንቀር ምን ታደርጋላችሁ? («ይቅርታ እንጠይቃለን» መልስ አይደለም።)

5. ዊልቸር የሚያነሳ አለው ወይ? ይሄ ልመና አይደለም። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ሸትል የሚያቀርብ ሆቴል ለዊልቸር ተጠቃሚም ተመጣጣኝ አገልግሎት እንዲሰጥ ያስገድዳል።

6. ሪዞርት ፊው ስንት ነው? ሸትሉን ካልተጠቀምኩ ይቀነስልኛል? አይቀነስም ካሉ፣ ሸትሉ ነፃ እንዳልሆነ በራሳቸው አፍ ነገሯችሁ።

ቃላቸውን ካጠፉ ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና ለፍሎሪዳ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በኢንተርኔት አቤቱታ ማስገባት ይቻላል። እኛ አበሾች አቤቱታ አንወድም፤ «ይሁን፣ ለእግዜር ሰጠሁት» ብለን እንሄዳለን። የሚቀጥለው ቤተሰብም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል።

ሆቴሎቹንም ብዙ አልጠይቅም። ነፃ ማለታችሁን ተዉና የመነሻውን ሰዓት፣ የመቀመጫውን ብዛት፣ የሚያወርድበትን ቦታ ማስታወቂያው ላይ ጻፉ። ከርችቱ በኋላ አንድ አውቶቡስ መድቡ። ይሄን ማድረግ ካልቻላችሁ «ሸትል የለንም» በሉ። የለም ያለ ሆቴል አልዋሸኝም፤ መኪና እከራያለሁ፣ የልጅ መቀመጫዬን እይዛለሁ፣ ቀኔንም አውቃለሁ።

እናቴ ደሴ ተመልሳለች። ቪዛው ደግሞ መቼ እንደሚገኝ እግዜር ያውቃል። ለጎረቤቶቿ ስለ ዲዝኒ ስትተርክ ስለ ቤተ መንግሥቱ ትንሽ ታወራለች፤ በሌሊት ተመልሶ ስለመጣው ሹፌር ግን ብዙ። ገንዘቡ ቀርቶብኝ ነው። የዚያ ቀን አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ግን፣ ከእናቴና ከልጆቼ ጋር የምሆንበት ሰዓት ነበር። ያንን በየትኛው ደረሰኝ ልጠይቅ?

ኦርላንዶ ሊሄድ ያሰበ ወዳጅ ካላችሁ ይሄን ላኩለት። እናንተስ ምን ገጠማችሁ? ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ መቼና ከማን ጋር እንደሄዳችሁ ጨምራችሁ ኮመንት ላይ ጻፉ። የሆቴሉን ስም ተዉት፤ የመነሻ ሰዓቱን ንገሩን።