ወታደሩ ታሰረ፤ ፈራሚውስ?

ፕሬዚዳንት ኦባማ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥልጣን እንደያዙ እስረኛ ማሰቃየትን ከለከሉ። ያለፈውን በተመለከተ ግን ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት ማየት ይሻላል አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ነገሩ እኛንም ይነካል። ኢትዮጵያ የተወለደው ቢንያም መሐመድ በ2002 ፓኪስታን ውስጥ ተይዞ ወደ ሞሮኮ ተወሰደ። እዚያ ሰውነቱን በስለት እንደቆራረጡት ተናግሯል። በኋላም ጓንታናሞ ገባ፤ ክሱ ተሰርዞ በ2009 ተለቀቀ። እስረኞቹን በማጓጓዝ ተባብሯል ባሉት ድርጅት ላይ እሱና ሌሎች አሜሪካ ውስጥ ያቀረቡት ክስ ግን በ2010 «የመንግሥት ምሥጢር ይወጣል» ተብሎ ሳይሰማ ተዘጋ።

ታዲያ ማን ተቀጣ? በአቡ ግሬብ በፎቶ የታዩ ተራ ወታደሮች ታሰሩ፤ አንዱ 10 ዓመት ተፈረደበት። እስረኛን በውሃ ማፈን ሕጋዊ ነው የሚለውን የ2002 ሰነድ የፈረሙት ጄይ ባይቢ ግን በዓመቱ የይግባኝ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ። የነቢንያምን ክስ የዘጋውም ያው ፍርድ ቤት ነው፤ እሳቸው በችሎቱ ባይቀመጡም።

«ታዝዤ ነው» የሚለውን መልስ እኛ ከቀይ ሽብር ችሎት እናውቀዋለን። ያ ችሎት ስንት ጉድለት ቢኖርበትም ከላይ ነበር የጀመረው፤ በ2006 መንግሥቱ ኃይለማርያምን በሌሉበት ጥፋተኛ ብሏቸዋል። ተጠያቂነት ከወታደሩ በላይ ካልወጣ፣ የሚቀጥለው ፈራሚ ምን ያስፈራዋል?