አንድ ተማሪ፥ ሁለት የቀን መቍጠሪያ

የአዳማ ተማሪ በአንድ ስልክ ሁለት የቀን መቍጠሪያ ይዞ ይዞራል። አንዱ የትምህርትና የሥራ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በፈረንጅ አቈጣጠር የፈተናውን፥ የተግባር ልምምዱንና የነጻ ትምህርት ማመልከቻውን ቀን ይይዛል። ሌላው የቤት ነው፤ ከሞጆ፥ ከመቂ ወይም ከባቱ የሚጠራበትን ሠርግ፥ ተዝካርና የዕድር ስብሰባ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ይይዛል። ሁለቱ ግን አይተያዩም። ስለዚህ ፈተናውና የእኅቱ ሠርግ በአንድ ቀን መዋላቸውን የሚያውቀው ዋዜማው ሲደርስ ነው።

«አስልቶ መለወጥ ምን ያስቸግራል?» የሚል ይኖራል። ሒሳቡ ግን በየዓመቱ አንድ አይደለም። የ2016 ዓ.ም. ዕንቍጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ሲውል፥ የ2017ቱ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ዋለ፤ ጳጉሜን በአራት ዓመት አንድ ጊዜ 6 ቀን ትሆናለችና። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ «በ3 ሰዓት» የተባለው ስብሰባ ለአንዱ ጧት ነው፤ በፈረንጅ አቈጣጠር ለሚያነበው ግን ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ሊሆን ይችላል።

እኛ አንዱ ይቅር አንልም፤ አንዱ ከዓለም፥ ሌላው ከወላጆቻችን ጋር ያገናኘናልና። የምንለምነው ቀላል ነው። ማስታወቂያ የሚያወጣ ሁሉ፥ መምህርም ሆነ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፥ የዕለቱን ስም፥ ቀኑን በሁለቱም አቈጣጠር፥ ሰዓቱንም «ከጧቱ» ወይም «ከቀትር በኋላ» ብሎ ይጻፍ። ተማሪውም የቤቱን ቀጠሮ ከትምህርቱ ጋር በአንድ ገጽ ያስፍር። ይህ ከግማሽ መስመር አይበልጥም፤ ጐድሎ ሲገኝ ግን የአንድ ተማሪን የዓመት ድካም ከንቱ ሊያስቀር ይችላል።