«በሞቴ» ሲባል በማን ሞት ነው?

ጠጥቶ ስለ መንዳት በተጻፈና በተነገረ ቁጥር ጣታችን የሚቀሰረው ወደ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ወደ ሾፌሩ። እሱማ ጥፋተኛ ነው፤ ማንም አይከራከርም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 ራሱን በመጠጥ አስክሮ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት እንደሚጠብቀው ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ሾፌሩ ብርጭቆውን ከሰማይ አላወረደውም። የቀዳለት አለ፤ «ድገም እንጂ!» ያለው አለ፤ ቁልፉን ከኪሱ ሲያወጣ ዓይኑ እያየ «በል ደህና እደር፣ ቀስ ብለህ ንዳ» ብሎ የሸኘው አለ። የዛሬው ጉዳያችን ከእነዚህ ጋር ነው።

እንግዳ ተቀባይነታችን የሚያኮራ ነው፤ ይኸን የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን በሠርጉም፣ በክርስትናውም፣ በማኅበሩም ጋባዡ «በሞቴ!» ካለ እምቢ ማለት ንቀት ሆኖ ይቆጠራል። እንግዳው «ኧረ ጋሼ፣ መኪና ይዣለሁ» ቢል «ታዲያ መኪናው ይጠጣል እንዴ?» ተብሎ ይሳቅበታል። ይጠጣል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ «በሞቴ» ተብሎ የተጠጣው መጠጥ ጋባዡን አይገድልም። ብዙ ጊዜ የሚሞተው ከድግሱ ያልተጠራ ሰው ነው፤ ከገበያ አምሽታ የምትመለስ እናት፣ ደብተሩን ይዞ በአስፋልቱ ዳር የሚሄድ ተማሪ። በአገራችን መንገዶች ከሚሞቱት ብዙዎቹ እግረኞች ናቸው። በዓለም ደረጃም ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ሕፃናትና ወጣቶች በመግደል የትራፊክ አደጋ አንደኛ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ይኸ ዕድሜ የማን ነው? ነገ በፊታችን ወንበር ላይ የሚቀመጡት ልጆችና ዛሬ በዚህ ግቢ የምንማረው የእኛው አይደለም እንዴ?

«እኔ ልኬን አውቃለሁ» የሚል አይጠፋም። ይኸ አባባል በተለይ በአገራችን መጠጥ ጨርሶ አይሠራም። በቢራ ጠርሙስ ላይ ከመቶ ስንት አልኮል እንዳለበት ተጽፏል። ጠላና ጠጅ ግን እንደ ጠማቂዋ እጅ፣ እንደ ማሩ ብዛት፣ እንደ ቆየበትም ቀን ይለያያል። ዳግም አረቄማ ከመቶ 40 ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ብርሌ የሚቆጥር ሾፌር ብርሌ ቆጠረ እንጂ አልኮል አልቆጠረም። የዓለም ጤና ድርጅት ለሾፌር የሚመክረው የመጨረሻ ወሰን በአንድ ሊትር ደም ውስጥ ግማሽ ግራም፣ ለጀማሪና ለወጣት ሾፌር ደግሞ 0.2 ግራም ብቻ ነው። ይኸን በምላስ የሚለካ ጀግና ማን ነው?

ከዚህም ሌላ «ጥቁር ቡና ጠጥቼ፣ ፊቴን ታጥቤ እነቃለሁ» የሚባል ነገር አለ። ቡና እንቅልፍ ያባርር ይሆናል እንጂ አልኮሉን ከደም አያወጣም። የማውጣቱን ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው ጉበት ነው፤ ጉበት ደግሞ ሹፌር ቸኩሏል ብሎ አይፈጥንም። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሲጠጣ አምሽቶ ከጧቱ 12 ሰዓት ሚኒባስ የሚያስነሳ ሰው፣ ሸሚዝ ቀየረ እንጂ ስካሩን ሙሉ በሙሉ አላራገፈም። ተሳፋሪው ግን ጧት ነው ብሎ ያምነዋል።

ሕግ ያስፈልጋል፤ የትንፋሽ መለኪያም ያስፈልጋል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከራዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥም ከልክሏል። (ከመካከላችን ይኸ የማይመለከተው ስንቱ ይሆን?) ይሁንና «በሞቴ» በራዲዮ አይተላለፍም፤ የሚነገረው በየቤቱ ነው።

በአውስትራሊያ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ የሆነውን ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. ከ1982 ዲሴምበር ጀምሮ ፖሊስ ማንኛውንም ሾፌር፣ ሳይጠረጥረውም ቢሆን፣ አስቁሞ ትንፋሹን መለካት ጀመረ። የመንገድ ላይ ሞት በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀነሰ። ሮስ ሆሜል የተባለው ተመራማሪ ጉዳዩን ሲያጠና ያስተዋለው ነገር ያስደንቃል። በዚያም አገር ዙር መጋበዝ ልማድ ነውና፣ ምርመራው ለጠጪው ማመካኛ ሰጠው። «ፖሊስ ይለካኛል» ሲል ማንም አልሳቀበትም። እንግዲህ እዚያም ከባዱ ነገር እምቢ ማለት ነበር ማለት ነው። በየወረዳው ከተማ መለኪያ እስኪደርስ ያንን ማመካኛ ለእንግዳችን የምንሰጠው እኛው ጋባዦች ነን፤ «መኪና ይዘሃል? እንግዲያው ለስላሳ አምጡለት» ብሎ ቀድሞ መናገር ምን ገንዘብ ይፈጃል?

የምረቃ በዓል በደረሰ ቁጥር ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ በጉ፣ ስለ ቢራው ሳጥን ሲመከር ይመሻል። ተጋባዡ በምን ይመለሳል የሚለው ግን ከአጀንዳው ይቀራል። ዘንድሮ ከቢራው ጥቂት ሳጥን ተቀንሶ የማይጠጣ ሾፌር ያለው መኪና ይኮናተር። በር ላይም ቁልፍ ተቀብሎ የሚያኖር ሰው ይመደብ። ይኸ ሰው ከአስተማሪዎች ወገን ቢሆን ይሻላል፤ ተማሪ መምህሩን «ቁልፍዎን ይስጡኝ» ለማለት ይከብደዋልና።